በእሳቱ ሰ

ትምህርት ቤቱ በወረቀት ላይ ብዙ ስም አለው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ታፔላው ይለወጣል፤ ቀለም በቀለም ላይ ይደረባል፤ ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ የታችኛው ስም በላይኛው መሐል ብቅ ይላል። የሰፈሩ ሰው ግን ከእነዚያ ስሞች አንዱንም ጠርቶት አያውቅም። ግቢው ድሮ የመንገድ ሥራ ዕቃ ማስቀመጫ ስለነበር «መጋዘን» ይለዋል፣ አበቃ። አንዲት እናት «ልጄን ዘንድሮ መጋዘን አስገባኋት» ስትል እንግዳ ሰው ይደነግጣል። መጋዘን ተምሮ ሐኪም የሆነ አለ፤ መጋዘን ተምሮ ሌባ የሆነም አለ። ሁለቱም «የት ተማርክ?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው።

የቀድሞ ተማሪዎች ተሰብስበው የትምህርት ቤቱን ታሪክ እንጻፍ፣ ቤተ መጻሕፍቱንም እናድስ ያሉት ነፋስ ጣራውን ገንጥሎ መጻሕፍቱን ዝናብ ከመታቸው በኋላ ነው። ሰው እንዲህ ነው፤ ጣራ ካልተነሣ ታሪክ ትዝ አይለውም። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ የሆነችው መድኃኒት ቤት ያላት ፋርማሲስት ናት፤ በልጅነቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥያቄው ሳያልቅ እጇን የምታወጣ ነበረች፤ ኮሚቴውንም የምትመራው እንደዚያው ነው። እሷም ሐሳብ አቀረበች፤ ቤተ መጻሕፍቱ በሟቹ የአማርኛ መምህር ስም ይጠራ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማማ። ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በየትኛው ስማቸው?

ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው «ነጠላ ሰረዝ» በሚለው ቅጽል ስማቸው ነው። እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ከተሰብሳቢው ግማሹ ጭራሽ አልሰማውም። የሰማውም ቢሆን «ጋሼ» እያለ ከፊት፣ «ነጠላ ሰረዝ» እያለ ከኋላ ነው የኖረው። ስለዚህ ሰብሳቢዋ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የሟቹን ባለቤት ለማግባባት ሄደች።

ባለቤትየዋ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው ናቸው። እዚያው መጋዘን ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ወገባቸው ዛሬም ያልጎበጠ፣ የሳሎናቸውን ወንበሮች እንኳ በመስመር የሚያሰልፉ ሴት ናቸው። ሰብሳቢዋ እዚያ ቤት ስትገባ የመድኃኒት ቤት ባለቤትነቷን ደጅ ትታ ነው፤ ጉልበቷን ገጥማ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ሰው እንዲያውቃቸው ብለን ነው እንጂ… ከዋናው ስማቸው ሥር በቅንፍ ትንሽ ነገር ብትገባ ምን ይመስልዎታል?»

«ምን ትግባ?»

ሰብሳቢዋ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«አየሽ፣ አንቺም ልትጠሪው አፍረሻል» አሉ እትዬ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም? ያቺ ቃል ግድግዳ ላይ ከተጻፈች እኔን እዚያ ግቢ አታዩኝም። ፎቶውንም አልሰጥም። ሰው ዕድሜ ልኩን ደክሞ አስተምሮ በስድብ አይሰቀልም።»

«ስድብ እኮ አይደለም እትዬ። እኛ በፍቅር ነው…»

«እሺ፣ አንቺን በፍቅር 'ሽሮፕ' ብለው ደጅሽ ላይ ቢጽፉልሽስ?»

ሰብሳቢዋ ክው አለች። የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኞች ከኋላዋ የሚሏት ልክ እንደዚያ ነው፤ ወሬው እትዬ ጆሮ እንዴት እንደደረሰ መጠየቅ ግን አልደፈረችም።

ቅጽል ስሙ የወጣው በቃል ጽሕፈት ምክንያት ነው። ጋሼ መጋዘን ሲመጡ ገና ወጣት፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ቸኩለው የማያውቁ መምህር ነበሩ። የቃል ጽሕፈት ሲያጽፉ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም እየጠሩ ነው፤ «አባቴ ከሥራ መጣ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ኮቱን አወለቀ፣ ነጠላ ሰረዝ…»። ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረ አንድ ልጅ ይህን ልማድ ስላላወቀ የሰማውን ሁሉ በፊደል ጻፈው። ጋሼ ደብተሩን ከፍተው ለክፍሉ በሙሉ አነበቡት፤ ፊታቸው ላይ አንዲት ሳቅ የለችም። ጨርሰው ደብተሩን ዘጉና «ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ይሄ ነጠላ ሰረዝ የሚባለው ሰውዬ ግን አባትዎ ልብስ ሲያወልቅ እዚያ ምን እንደሚያደርግ አልገባኝም» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተደበላለቀ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ቅጽል ስምን ግን አምስተኛ ክፍል ያወጣዋል። ሰውዬው ማን እንደሆነ በማግሥቱ ታወቀ፤ ጋሼ ራሳቸው ሆኑ። ያ ክፍል ሲወጣ ለሚቀጥለው ክፍል አስረከበ፤ ወንበሩ ሲሰበር፣ ጥቁር ሰሌዳው ሲሰነጠቅ፣ ስሙ ብቻ ሳይበላሽ ከዘመን ዘመን ተላለፈ።

ጋሼ ሌላም አመል ነበራቸው፤ ፊደል ሲምታታ አይወዱም። ንጉሡ ሠ አለ፤ ንጉሥ የሚጻፍበት። እሳቱ ሰ አለ፤ እሳት የሚጻፍበት። «ንጉሡን በእሳት፣ እሳቱንም በንጉሥ አትጻፉ፤ ሁለቱም ይቆጣሉ» ይሉ ነበር። የስፖርት መምህሩ በሻይ ሰዓት «ድምፃቸው አንድ ከሆነ ምን አስጨነቀህ?» ቢላቸው «ያንተና የወንድምህም ድምፅ አንድ ነው፤ እሱ ሲጠራ አቤት የምትለው አንተ ነህ?» አሉት። የስፖርት መምህሩ ሻዩን ይዞ ወጣ።

እትዬ ወደ መጋዘን የተዛወሩት ስሙ ከወጣ በኋላ ነው። ሁለቱ ሲጋቡና በበሩ ጎን ለጎን መግባት ሲጀምሩ ተማሪው ሥራ አልፈታም፤ «ድርብ ሰረዝ መጡ» ማለት ጀመረ። እትዬ ይህን ሰምተው ስለ ራሳቸው ብዙም አልከፋቸው። የከነከናቸው የባላቸው ነገር ነው። ያ ኮቱን ቆልፎ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ተማሪን «እርስዎ» ብሎ የሚገሥጽ ሰው ከኋላው መሳቂያ መሆኑን ቢያውቅ ልቡ ይሰበራል ብለው ሰጉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ እሳቸው እንደሚሉት ጋሼ አንዳች አያውቁም፤ እንዳያውቁ መጠበቅ ደግሞ የሚስት ሥራ ነው።

ዘዴ አበጁ። ግቢው ውስጥ አብረው ሲያልፉ ከኋላ ሹክሹክታ ከተነሣ እትዬ ያስላሉ። ትንሽ ሳል አይደለም፤ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ነው። «ነጠላ» የምትለዋ እንደተጀመረች ይጀምሩና «ሰረዝ» እስክታልቅ አያቆሙም።

«ይሄ ጉንፋንሽ ደግሞ ከዚህ በር ስንገባ ነው የሚነሣብሽ» ይላሉ ጋሼ፣ ፊታቸውን ወደ ፊት እንዳደረጉ።

«አቧራው ነው» ይላሉ እትዬ።

አቧራው አስፋልት ተነጠፈበት፤ ሳሉ ግን ቀጠለ። ጋሼ በመጨረሻ ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ እንኳ፣ ከመጋዘን የወጣች አንዲት ነርስ ለጓደኛዋ «ማን እንደሆኑ አወቅሻቸው? ነጠላ…» ብላ ስትጀምር እትዬ ከአልጋው ራስጌ ሳሉን ለቀቁት። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ያንቺ ጉንፋን እኔን ሳይሸኝ የሚለቅሽ አይመስለኝም» አሉ። እትዬ ይህችን ንግግር በኋላ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ተናግረዋታል፤ ሰውዬው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ስለ እሳቸው ጤና ያስብ እንደነበር ማስረጃ አድርገው። በቀብሩ ማግሥትም አንድ ሰው በራቸው ላይ ቆሞ «የነጠላ ሰረዝ ቤት ይሄ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የጋሼ ታላቅ ወንድም ሰምተው «ማነው እሱ?» ቢሉ፣ እትዬ «የጎረቤት ስም ነው» ብለው አሳልፈዋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቁትን ነገር አሁን በቀለም ጽፋችሁ ስቀሉት ሊባሉ ነው። አይሆንም።

ኮሚቴው ተሸነፈ። ሰብሳቢዋ በሁለተኛው ቅዳሜ ተመልሳ መጣችና እዚያው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠች ለታፔላ ጻፊው ደወለች፤ እትዬ በጆሯቸው ሰምተው እንዲያርፉ ብላ ነው። ታፔላ ጻፊው ከወዲያኛው የከተማው ጫፍ ነው፤ የመጋዘን ልጅ አይደለም። ስልኩ ውስጥ ብረት የሚቆርጥ ማሽን ይጮሃል።

«ጻፍ እንግዲህ» አለች ሰብሳቢዋ። «መምህር» ብላ የጋሼን ስም ከነአባታቸው አስከተለች። «ከዚያ የአማርኛ መምህር። ከሥሩ ቤተ መጻሕፍት።»

እትዬ እጃቸውን አነሡ። «ሰረዙስ?»

«የቱ ሰረዝ እትዬ?»

«የሰው ስምና ሥራው ዝም ብሎ ይገጣጠማል እንዴ? እሱ ቢሆን ያልፈዋል? ከአባቱ ስም ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ በይው።»

ቃሏ እዚያ ቤት ውስጥ ከእትዬ አፍ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሰብሳቢዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ስልኩ ዞረች።

«ከአባታቸው ስም ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ።»

«ምን?»

«ነጠላ ሰረዝ!»

«እሺ እሺ። ለያይቼ ነው አንድ ላይ የምጽፈው?»

ሰብሳቢዋ ስለ ስሙና ስለ አባት ስም የጠየቃት መሰላት። «እንዴ፣ ለያይተህ ነዋ!» አለችና ዘጋችው። እትዬም ረክተው ፎቶውን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጧት።

የምረቃው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሮች ከየክፍሉ ወጥተው ግቢው ውስጥ ተደረደሩ። ጎልማሶች በልጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ። ርእሰ መምህሩ የትምህርት ቤቱን ታሪክ አነበቡ፤ ዕቃ ማስቀመጫ እንደነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የአስፋልት በርሜል ላይ ተቀምጠው እንደተማሩ፣ ተማሪው ሲበዛ በፈረቃ እንደሆነ፣ ስሙ መቼ መቼ እንደተለወጠ። ድምፅ ማጉያው በየመሐሉ ያፏጫል። የሚያዳምጥ ብዙ አልነበረም፤ ሰዉ ማን ወፈረ ማን መለጠ እያለ ይተያያል። እትዬ ግን ሰማያዊ ልብሳቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ዛሬ ጋሼ በሙሉ ስማቸው ይጠራሉ፤ ያ ጉዳይ እዚህ ላይ ያበቃል።

ጨርቁን እንዲገልጡ ጋበዟቸው። ገመዱን ሳቡት፤ ጨርቁ ወረደ።

መጀመሪያ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «እህ» አለ። ከዚያ ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሰው ተነሥቶ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ አንዱ የአንዱን ጀርባ ይደበድባል። ስማቸውን በደብዳቤ እንኳ አይቶ የማያውቀው ሁሉ «እሳቸው ናቸዋ!» እያለ ይጮሃል። ሰማያዊው ታፔላ ላይ፣ በትልልቅ ነጭ ፊደል፣ ከስማቸውና ከአባታቸው ስም ቀጥሎ፣ የአያት ስም በሚገባበት ቦታ ላይ፣ ሳይቀንስ ሳይጨምር በእኩል ቁመት «ነጠላ ሠረዝ» ተብሎ ተጽፏል።

ሰብሳቢዋ ታፔላ ጻፊውን ክንዱን ያዘችው። «ምን አድርገህ ነው አንተ?»

«ምን አደረግሁ? ሁለቴ ነግረሽኛል፤ ለያይተህ ብለሽኛል!»

«ምልክቷን ነው እንጂ! ነጠላ ሰረዝ የሚባል ሰው አለ?»

«እኔ የአያታቸው ስም መስሎኝ። ስንት ዓይነት ስም ጽፌያለሁ። የሰው አያት ስም ሰምቼ ይሄ ደግሞ ምንድነው ብዬ ልጠይቅ?»

እትዬ ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። ፊታቸው ነደደ። ያን ሁሉ ዓመት ሲያስሉበት የኖሩት ነገር አደባባይ ወጥቶ፣ ያውም በእሳቸው እጅ ተገልጦ፣ ያውም በእሳቸው «ሰረዙስ?» ምክንያት። አፈሩ። ማንም ላይ ሊያመካኙት አልቻሉም፤ ሒሳቡ ተሠርቶ መልሱ እሳቸው ጋ ነው የመጣው። ገመዱን ለቀቁና ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ።

መንገድ የዘጋባቸው አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሆዱ ከቀበቶው ያለፈ ትልቅ ሰው ሆኗል እንጂ ከመጀመሪያዎቹ የጋሼ ተማሪዎች አንዱ፣ ክፍል ሲረብሽ የኖረ ልጅ ነበር። ከሳቁ ብዛት ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እትዬ፣ እንኳን ጋሼ አላዩት! በዚያች ሠ ታፔላ ጻፊውን ያንበረክኩት ነበር።»

«በምኗ?»

«በሠዋ ነዋ! እኔን አላረሙኝም? አምስተኛ ክፍል እያለን ስማቸውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጻፍኩት፤ ልክ እንደዚህ፣ ነጠላ ሠረዝ ብዬ በንጉሡ ሠ። ዘወር ስል በሩ ላይ ቆመዋል። አለቀልኝ አልኩ። መጡና ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱ፤ ሠዋን አጠፉና በእሳቱ ሰ ጻፉባት። 'ስም ሲጻፍ በትክክል ይጻፋል' አሉኝ። ከዚያ 'ደብተር አውጡ'። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ሙሉ ዋለ፤ አላጠፉትም።»

እትዬ ሹፌሩን አተኩረው አዩት። «አምስተኛ ክፍል እያላችሁ?»

«አዎ።»

«እኔ ስመጣ አንተ ስንተኛ ነበርክ?»

«እርስዎማ የመጡት ስድስተኛ ስገባ ነው። ያኔ ነው እንዲያውም ድርብ…» አለና ሹፌሩ ምላሱን ነከሰ።

እትዬ ሒሳብ መምህር ናቸውና መልሱ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ጋሼ ያውቁ ነበር። ከጋብቻው በፊት፣ እሳቸውን ከማየታቸውም በፊት ያውቁ ነበር። በበሩ ሲገቡ እያወቁ ነው። ሹክሹክታው ሲነሣ እየሰሙ ነው። መጀመሪያ ተናደዱ። በሞተ ሰው መናደድ ትርፍ የለውም፤ ቢሆንም ተናደዱ፤ ጉሮሯቸው እስኪላጥ ያን ሁሉ ዘመን ሲያስሉ ያ ሰው ጎናቸው ሆኖ እያዳመጠ ነበር። «ይሄ ጉንፋንሽ» ይላል። አንድ ቀን እንኳ «ተይው፣ አውቃለሁ» አላለም። የሆስፒታሏም ንግግር ትዝ አለቻቸው፤ ዓይኑን ሳይገልጥ የተናገራት። ለዘመድ ሁሉ በእንባ ሲተርኳት የኖሩት እሷ ለካ ቀልድ ናት። ምን ይሆናል፣ አንዴ ብቻ ተነሥቶ ፊቱን ባዩት። ንዴቱ ሳይወጣላቸው ናፈቃቸው።

ታፔላ ጻፊው በዚህ መሐል መሰላሉን አስደግፎ፣ ጨርቅና የቀለም ማቅጠኛ ይዞ ወጥቶ ነበር። እትዬን ሲያይ ከላይ ሆኖ ተጣራ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ! አሁኑኑ ነው የማጠፋው። ምንም እንዳልተጻፈበት ነው የሚሆነው።»

እትዬ ቦርሳቸውን ለሹፌሩ አስያዙትና ተመልሰው መሰላሉ ሥር ቆሙ። ሰው ሁሉ የሚሉትን ይጠብቃል። ሰብሳቢዋ ጥፍሯን ትበላለች።

«አታጥፋው» አሉ እትዬ።

«እ?»

«ተወው። ሠዋን ብቻ አርማት። በእሳቱ ሰ ነው።»

ታፔላ ጻፊው ወደ ፊደሉ፣ ከዚያ ወደ እትዬ አየ። «እሳቱ የቱ ነው?»

ከኋላ ያለው ሰው በሙሉ በአንድ ላይ «እሳት የሚጻፍበት!» አለ፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በልጅ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚመልስ ተማሪ። እትዬ ግን በዚህ እንደማይገባው አውቀው መዳፋቸውን ዘረጉና በጣታቸው ጻፉለት። ሰውዬው ብሩሹን ነክሮ መጀመሪያ ሠን በሰማያዊ ሸፈናት፤ ከዚያ በነጩ በላይዋ ላይ እየተጠነቀቀ ጻፈ። ቀለሙ ትንሽ ወረደበት፤ በጨርቁ ጫፍ ጠረገው።

አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ከእናቷ እጅ አምልጣ መጥታ ታፔላውን ታነባለች። ማንበብ ገና መጀመሯ ነው፤ ፊደል በፊደል ነው የምትሄደው። የጋሼን ስም ተራመደች፣ የአባታቸውን ስም ተራመደች፣ ደረሰች። «ነ… ጠ… ላ…» አለች ጮክ ብላ።

እትዬን ጉሮሯቸውን በላቸው። ልማድ ነው፤ ሳሉ ራሱ መጣ። ዋጡት። ልጅቷ አንብባ እስክትጨርስም ዝም ብለው አጠገቧ ቆሙ።